የሊቀመንበሩ ሁለተኛ ዓይን

ዛሬ እዚህ አዳማ፣ ሰው በተሰለፈበት ኮፒ ቤት ውስጥ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ። ያውም በጾም ቀን።

ወዳጆቼ፣ ምክንያቱን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቢሆንም ልሞክር።

የሰንበቴ ማኅበራችን አዳራሽ ሊያሠራ ነው። መሐንዲሱ በኮምፒውተር የሠራው ሥዕል አለ። ግድግዳው ክሬም፣ ጣሪያው ቀይ፣ በአንድ ጎኑ የዛፍ ጥላ ያረፈበት፤ ገና መሠረቱ ያልተቆፈረ ሕንፃ ሳይሆን ሰው የኖረበት ቤት ነው የሚመስለው። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ግን «ጥቁርና ነጭ አድርጋችሁ፣ ፋይሉን አሳንሳችሁ ላኩ» አለን።

የኮፒ ቤቱ ባለቤት አንድ ቁልፍ ነካ አደረገች።

ጥላ ያረፈበት ግድግዳ እልም አለ። ግማሽ አዳራሽ ቀረን።

«ግራጫውን ይጥለዋል እማማ፤ ፋይሉ የሚያንሰው እሱን ሲጥል ነው። ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው የሚያውቀው» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ ለማይገባው ሰው እንደምታስረዳ።

ለእኔ!

እኔ እኮ ግራጫ በመጣል የተዋረድሁት ኮምፒውተር የሚባል ነገር ናዝሬት ሳይገባ ነው። በደርግ ጊዜ። በእጄ።

ለእሷ አልነገርኋትም፤ ከኋላዬ ወረፋ ነበር። ለእናንተ ግን ልናገረውና ይውጣልኝ።

ያኔ ከደብረ ታቦር መጥቼ ናዝሬት ውስጥ በአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርሁ። ዘመድ የለኝም። ያሉኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ አከራዬ እማማ ዘነበች፤ ሁለተኛዋ የቀበሌው ሱቅ ሻጭ ጫልቱ።

አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ ተመልሼ አላየሁም። የዚያን ዓመት ጥር ላይ ግን ታናሽ እኅቴ ስንዱ ልትዳር ነበር። አንዲት እኅት ነው ያለችኝ። ከራሽኔ እየቀነስሁ ያጠራቀምሁት ስኳር በቆርቆሮ ሞልቶ አልጋዬ ሥር ተቀምጧል።

ያን ጊዜ ታዲያ «እኅቴ ልታገባ ነው» ብሎ አውቶቡስ ላይ መውጣት የለም። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ያለ እሱ የመጀመሪያው ኬላ ላይ ያወርዱሃል።

የይለፍ ወረቀቴ ተጽፎ አልቋል። ራሴ ነኝ የጻፍሁት፤ ማን ሊጽፈው ነው? የጎደለው የሊቀመንበሩ ፊርማ ብቻ ነበር።

ሊቀመንበራችን ጓድ ለማ ክፉ ሰው አልነበረም። ችግሩ መስተዋት መውደዱ ነው።

ቀበሌው አዲስ አዳራሽ ሠርቶ ሊያስመርቅ ነው። ጓድ ለማ የፀጉር ቤትና የሻይ ቤት ማስታወቂያ ለሚሥል ሰው ሰጥቶ ራሱን በትልቅ ሸራ አስሣለ። ግማሽ ፊቱ በብርሃን፣ ግማሽ ፊቱ በጥላ። አሻግሮ ወደ ሩቅ የሚያይ፣ ብዙ የሚያስብ ሰው።

ሸራውን ፎቶ አስነሥቶ መዳፍ የምታህል ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ጓዲት አስካለ፣ ለምረቃው ለሕዝብ የሚታደል ወረቀት አባዢ። ሥዕሌ፣ ንግግሬ፣ የቀበሌው የሥራ ክንውን፣ የስኳር ክፍፍሉም ጭምር፤ ሁሉም በአንድ ገጽ።»

«በአንድ ገጽ አይገባም ጓድ ሊቀመንበር።»

«ወረቀት ከየት አመጣልሽ? ጨመቅ አድርጊው።»

«የእኔ የይለፍ ነገርስ?»

«ምረቃው በሰላም ይለቅና እናያለን።»

ይኸውላችሁ። የእኅቴ ሠርግ በሊቀመንበሩ ፊት ላይ ተንጠለጠለ።

አሁን ለወጣቶቹ ትንሽ ላስረዳ። ስቴንስል የሚባል በሰም የተነከረ ስስ ወረቀት ነበር። በታይፕ ስትመቱት ወይም በሹል ብረት ስትጭሩት ሰሙ ይላጣል። ማባዣ ማሽኑ ላይ ጠቅልላችሁ ስታዞሩት፣ ቀለም በተላጠው በኩል ሾልኮ ወረቀቱ ላይ ያርፋል። ያልተላጠው ነጭ ይቀራል።

ቀለም ወይ ያልፋል ወይ አያልፍም። መካከለኛ የሚባል የለም።

ዘመኑ ራሱ እንደዚያ ነበር። በየስብሰባው «ወይ ከአብዮቱ ጋር ወይ ከጠላት ጋር» ይባላል። ግራጫ የሆነ ሰው የኋላ ወንበር ፈልጎ ዝም ይላል። እኔ የኋላ ወንበር ሰው ነበርሁ።

ፎቶውን ከመስኮቱ መስታወት ላይ ለጥፌ፣ ስቴንስሉን ደረብሁበትና በሹል ብረት መጫር ጀመርሁ። በጥላ ያለውን ግማሽ ፊት ጥቁር ላድርገው ብዬ ሙሉውን ጫርሁት።

ያ ሁሉ የተጫረ ወረቀት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተገሽልጦ ወደቀ። ማሽኑ ላይ ሳዞረው ቀለሙ እንደ ጎርፍ ወረደ። ጓድ ለማ ከአስፋልት ሥራ የወጣ ሰው መሰለ።

አንድ ስቴንስል በከንቱ ሄደ። በመሳቢያዬ የቀረው አንድ ሙሉና አንድ ግማሽ ነው፤ ሌላ ከተማውም ውስጥ አይገኝም።

በሁለተኛው ተጠነቀቅሁ። ሰው ሁሉ ጥንቁቅ ነሽ ይለኛል፤ እውነታቸውን ነው። የጥላውን በኩል ጨርሶ አልነካሁትም። ጥቁር ካልሆነ ነጭ ይሁን ብዬ ተውሁት። ግንባሩን፣ አፍንጫውን፣ አገጩን ብርሃን በወደቀበት በኩል ብቻ ስስ አድርጌ ጫርሁ። ንግግሩን ከሥሩ በታይፕ መታሁ።

አባዛሁ። ቁልሉ እስከ ክርኔ ደረሰ። ንግግሩን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ አንድ ነጥብ አልጎደለም።

ፊቱን ግን አላየሁትም።

አትሳቁ። እኔ ያደግሁት ሴት ልጅ የወንድ ፊት ላይ ዓይኗን አታሳርፍም ተብዬ ነው። ያውም የአለቃ ፊት! ሥዕልም ቢሆን። ፎቶውን ስጭር እንኳ መስመር መስመሩን እንጂ ሰውየውን አላየሁም። የኔ ጥንቃቄ ፊደል ላይ ነው የሚያበቃው።

በማግስቱ ቀለም የተረጨበትን አንዱን ወረቀት ይዤ ቤት ገባሁ፤ የመደርደሪያ ምንጣፍ ይሆነኛል ብዬ። እማማ ዘነበች ተቀብለው ወደ ብርሃን አስጠጉት። ራቅ አደረጉት። አማተቡ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ማነው?»

«ሊቀመንበራችን ናቸው እማማ።»

«አንድ ዓይኑን ምን በላው?»

«የቱን ዓይናቸውን?»

«እሱንማ የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ። እኔ ያልተማርሁ ሰው ነኝ። ግን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሣለውን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ሰውየው ምን በደለሽ?»

«ኧረ ምንም።»

«ታዲያ ምነው ከይሁዳ ጎን አቆምሽው?»

ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጓድ ለማን ፊት በደንብ አየሁ።

የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃንና ቅዱሳን ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ሁለት ዓይናቸው ይታያል። ዲያብሎስ፣ ይሁዳ፣ ሰቃዮቹ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። ማንበብ የማይችል ሰው ማን ምን እንደሆነ የሚለየው በዚህ ነው።

የጥላውን ግማሽ ነጭ ስተወው ከወረቀቱ ነጭ ጋር ተቀላቀለ። ፊቱ አፍንጫው ላይ አለቀ። ጓድ ለማ በጎን ዞሯል። በአንድ ዓይኑ ጠርጥሮ ያያል። የጎደለው ሠላሳው ብር ብቻ ነው።

ሙሉ አዳራሽ ሕዝብ ይህን ሊያይ ነው። ሆን ብላ ነው ይሉኛል። ያን ጊዜ ሆን ብሎ ነው የተባለ ሰው ሠርግ አይሄድም፤ የሚሄድበት ሌላ ነው።

በማግስቱ ማለዳ እየሮጥሁ ጫልቱ ሱቅ ገባሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁላት።

«ማል ታኤ? ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ዓይኑን እዪው።»

«አየሁት። ደህና ዓይን ነው።»

«አንድ ነው እኮ!»

«በጎን የተነሣ ሰው ሁለት ዓይን ከየት ያመጣል አስኩ?»

ጫልቱ ኩየራ ያደገች፣ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረች ናት። የይሁዳን ነገር ነገርኋት።

«እኛ ጸሎት ቤት ግድግዳው ኖራ ብቻ ነው» አለች።

«የእናንተ ግድግዳ ኖራ ነው። ነገ አዳራሹን የሚሞላው ግን ግማሹ የእኛ ሰው ነው።»

ጫልቱ ወረቀቱን እንደገና አየችው። አሁን ገባት መሰለኝ። «ያ ዋቅ! አምላኬ፣ ጨርሰሽዋል ለካ» አለችና የሱቁን በር ቆለፈች። «ተነሺ። ጓድ ለማ ለምረቃው ወንበር ሊያመጣ ሞጆ ሄዷል። ሳይመለስ ዓይን እንሥራለት።»

በቀረችኝ ግማሽ ስቴንስል ላይ አንድ ዓይን ጫርሁ። አስቡት፤ ስቴንስል ሙሉ አንድ ዓይን ብቻ። የታተሙትን ወረቀቶች እንደገና በማሽኑ አሳልፈን ዓይኑን በባዶው ቦታ ልናሳርፍ ነው።

እኔ ደግሞ የማውቀው የዓይን አሣሣል አንድ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስመለከተው ያደግሁት። ትልቅ፣ ክብ፣ ኩል የተኳለ፣ ሽቅብ የሚያይ።

«አስኩ፣ ይሄ የሊቀመንበሩ ዓይን አይደለም። የመልአክ ነው» አለች ጫልቱ።

«ሌላ ዓይን አልችልም።»

ጫልቱ ማሽኑን ታዞራለች፤ እኔ እጸልያለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወረቀቶች ልክ መጡ። ሊቀመንበሩ አንዱ ዓይኑ ጠባብ፣ አንዱ ዓይኑ የቅዱስ ገብርኤል፤ ቢሆንም ሁለት ናቸው። ተመስገን አልሁ።

ቶሎ ነው ያመሰገንሁት።

ያ አሮጌ ማሽን ወረቀት አጥብቆ አይዝም። በዚያ ላይ የናዝሬት ነፋስ በመስኮቱ ይገባል። ዓይኑ መንቀሳቀስ ጀመረ። መጀመሪያ ቅንድቡ ላይ ወጣ። ቀጥሎ ግንባሩ መሐል ተቀመጠ። ከዚያ ጨርሶ ከሊቀመንበሩ ወረደና ንግግሩ ውስጥ ገባ። «የሥራ ክንውን» የሚለው ላይ አፈጠጠ። የመጨረሻዎቹ ላይ «የስኳር ክፍፍል» የሚለው ላይ ዐርፎ ቁጭ አለ።

«አቁሚ!» አልኋት።

«ምኑን ላቁም? አልቋል።»

ወረቀት የለም። ስቴንስል የለም። ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ በሕዝብ ተሞላ፤ ወረቀቱም ታደለ።

የኋላ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። ከፊት ከጓድ ለማ ጎን ከአውራጃ የመጣ ካድሬ ተቀምጧል። ወረቀቱን አነሣ። ካድሬው እጅ የገባው ዓይኑ ግንባር ላይ ያለበት ነው። ቆይቶ የጎረቤቱን አየ። የሌላውን ወስዶ አየ። ሦስቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው።

ጓድ ለማም የዚያን ጊዜ ነው ራሱን ያየው። ከኋላ ሆኜ አንገቱ ላብ ሲያወጣ ይታየኛል።

«ይህን ማን አዘጋጀው?» አለ ካድሬው።

«ጸሐፊያችን» አለ ጓድ ለማ። ድምፁ ከጫማው ሥር ነው የመጣው።

«ትምጣ።»

ያንን መንገድ እስከ ዛሬ በሕልሜ እሄደዋለሁ። እማማ ዘነበች ሳልፍ ነጠላዬን ያዝ አድርገው «በእምነትሽ ጽኚ» አሉኝ፤ ወደ ሰማዕትነት እንደሚሸኝ ሰው።

«ጓዲት፣ ይህ ዓይን ለምንድን ነው በየወረቀቱ ቦታ የሚለዋውጠው?»

የነቢያት ጾም ነው። መዋሸት አልችልም። እውነቱን ደግሞ ምላሴ አላነሣው አለ።

የእኔን ዝምታ ካድሬው በራሱ ሞላው። ብድግ ብሎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ጓዶች፣ ወረቀታችሁን ተመልከቱ። ዓይኑ በአንዱ ላይ ግንባር ላይ ነው። በአንዱ ላይ የሥራ ክንውን ላይ ነው። በአንዱ ላይ የስኳር ክፍፍል ላይ ነው። ይህ ምንድን ነው? ይህ አብዮታዊ ንቃት ነው! አድኃሪ ይህ ዓይን ዛሬ የት እንዳለ፣ ነገ የት እንደሚሆን አያውቅም!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ስኳር የምታድለው ጫልቱ ከሁሉም በላይ አጨበጨበች።

አሁን ዳንሁ ብላችሁ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልሁት።

ሰኞ ጠዋት የይለፍ ወረቀቴን ይዤ ጓድ ለማ ቢሮ ገባሁ። ፊቱ እንደ ፋኖስ በርቷል።

«ይለፍ? የምን ይለፍ? አውራጃው ሌሎቹም ቀበሌዎች ዓይን ያለበት ወረቀት እንዲያባዙ ሊያዝዝ ነው። አንቺ ከዚህ ንቅንቅ አትይም።»

«እኅቴ ናት የምትዳረው ጓድ ሊቀመንበር። አንድ ናት።»

«ሌላ ጊዜ ታገባለች።»

ሌላ ጊዜ ታገባለች! ስንዱ ሙሽራ ሆና፣ ሚዜዎቹ ሲዘፍኑ፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ዓይን ስጭር ታየኝ። ከዚያ በኋላ አፌን የያዘው ፍርሃት የት እንደሄደ አላውቅም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ዓይን ንቃት አይደለም። ወረቀቱ ተንሸራቶ ነው።»

«ምን?»

«ሁለተኛው ዓይንዎ ነው። መጀመሪያ ረስቼው ነበር።»

«ዓይኔን ረሳሽው?»

«ደፍሬ ፊትዎን አላየሁትም።»

ጓድ ለማ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ተመልሶ ተቀመጠ። ድምፁን አወረደ።

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እግዚአብሔር፣ ጫልቱና አከራዬ።»

«ሴቶቹን እኔ አነጋግራቸዋለሁ። የአውራጃው ሰዎች መጥተው ቢጠይቁሽስ?»

«እነግራቸዋለሁ። ጾም ነው።»

«ጾሙ መቼ ነው የሚያበቃው?»

«ለገና። ግን ሲፈታም አልዋሽም።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። በጥላ ያለ ግማሽ ፊቱን ያን ቀን በደንብ አየሁት።

«ደብረ ታቦር ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ጠያቂ ይደርስበታል?»

«ያደግሁበት መንደርማ ከመኪና መንገድ ወርዶ ነው።»

ብዕሩን አነሣ። እኔ የጠየቅሁት ለአሥራ አምስት ቀን ነበር። ሰርዞ «እስከ ፋሲካ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታው።

«ሂጂልኝ። እዚያም ሆነሽ ማንም ምንም ቢጠይቅሽ ስለ ሠርጉ ብቻ አውሪ» አለኝ።

ስንዱን ዳርኋት ወዳጆቼ። በገዛ እጄ ነው ያለበስኋት። ስታየኝ ሙሽራነቷን ረስታ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

የስኳሩን ቆርቆሮ ከምረቃው በተረፉ ወረቀቶች ጠቅልዬ ነበር የወሰድሁት። እናቴ ጥቅሉን ስትፈታ ባለ ሦስት ዓይኑን አገኘችው፤ እኔም ያላስተዋልሁት፣ ሁለቴ ያለፈ ወረቀት ነው።

«ይሄ ማነው ልጄ?»

«አለቃዬ ናቸው እመዬ።»

አገላብጣ አየችው።

«ፊቱን ሳታዪው ነው የሣልሽው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ጎሽ። እንዲህ ነው ያሳደግሁሽ» አለችና ስኳሩን ወደ ጓዳ ይዛ ገባች።

ከፋሲካ በኋላ ናዝሬት ተመለስሁ። ነገሩ ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።

ሰው ሁሉ ዓይን ይጭራል። የየቀበሌው ወረቀት ዓይን አለበት። ሊቀመንበሩ ባይሣል እንኳ ዓይኑ አይቀርም፤ የወተት ተራ ማስታወቂያ ላይ ሳይቀር አፍጥጦ አየሁት። ለጸሐፊዎችም ሞጆ ላይ የዓይን አሣሣል ሥልጠና ተዘጋጅቷል። ስሜ አለበት። ጓድ ለማ «ሂጂ፣ ተማሪ» ብቻ አለኝ።

ሄድሁ። አሠልጣኙ ዓይኑ ከየት እንደመጣ አያውቅም፤ እኔም አልተጠየቅሁም። ስቴንስል ሰጡን፤ የአንድ ሰው ፊት ከነዓይኑ ሥሩ ተባልን።

በዚህ ጊዜ ትምህርት አግኝቻለሁ። የሰጡኝን ፎቶ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ዓይን ለዓይን፣ ሳላፍር አየሁት። ሁለቱንም ዓይን እኩል አድርጌ፣ ከቅንድቡ በታች፣ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ አስቀመጥሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥዕል ሠርቼ አላውቅም።

አሠልጣኙ ወረቀቴን ከፍ አድርጎ ለሰልጣኙ ሁሉ አሳየው።

«ጓዶች፣ ይህን ስህተት እዩ። ንቃት የት አለ? ዓይኑን እኮ ቦታው ላይ አደረገችው።»

ክፍሉ ሳቀ። «እንደገና» ተብሎ ተመለሰልኝ። ግንባሩ ላይ ጭሬ ሰጠሁት፤ «በጣም ጥሩ» የሚል ተጻፈበት።

እናንተስ ወዳጆቼ፣ ራሳችሁ በጀመራችሁት ስህተት ተፈትናችሁ ወድቃችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ይህን ያህል የተሳካልኝ እኔ ብቻ ነኝ?